ረ ይጠብቃል

ለአክስቴ ልደት የጻፍኩት ካርድ እሷንና እናቴን ሊያስታርቅ ነበር የታሰበው፤ ጭራሽ አባባሳቸው። ነገሩን ያበላሸው አንድ ቃል ነው። ቃሉ በሁለት መንገድ ይነበባል፤ አክስቴ ያነበበችው እናቴ ባላለችው መንገድ ነው። ያውም ለብቻዋ ሳይሆን ቤት ሙሉ እንግዳ ፊት ቆማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

የምሠራው የጽሕፈት መሣሪያና የስጦታ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ቋንቋ ነው። ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ስዞር ባለሱቁ «ጽሕፈትሽ ያምራል» ብሎ ቀጠረኝ። ስለ ዲግሪዬ አልጠየቀኝም፤ ካወቀ በኋላ ግን «ዶክተር» እያለ ያሾፍብኛል። ከመሸጥ ሌላ ሥራዬ ካርድ መጻፍ ነው። ሰው የልደት ካርድ መርጦ ይገዛል፤ ውስጡ ምን እንደሚል ሲጠፋው ወደ እኔ ዞሮ እስክሪብቶውን ያቀብለኛል።

ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ሰው የልቡን ለማያውቃት ሴት ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ሲናገር ያፍራል፤ ስለዚህ ሁሉም የሚለው አንድ ነው። «ያው አንቺ ታውቂዋለሽ» ይላሉ። አላውቀውም፤ ግን እጽፋለሁ።

ባለፈው አንድ ታክሲ ነጂ መጣ።

«ለባለቤቴ ነው። ከልብ የሆነ ነገር ጻፊልኝ» አለ።

«ምን ልበላት?»

«እንደኔ ሆነሽ ነዋ።»

«አንተ ብትሆን ምን ትላታለህ?»

«እኔማ ምንም አልላትም። ለዚህ አይደል አንቺ ጋ የመጣሁት?»

ጻፍኩለት። ሁለቴ አንብቦ አገጩን አከከ። «ቆንጆ ነው። ችግሩ እኔ እንዳልጻፍኩት ወዲያው ታውቃለች።» ትንሽ አሰበና ሌላ ካርድ ገዛ፤ ያንኑ ጽሑፍ ሁለት ሦስት ፊደል አበላሽቼ እንድጽፍለት ለመነኝ። አበላሸሁለት። ደስ ብሎት እያፏጨ ወጣ።

ባለሱቁ በዚህ ሥራ ላይ አንድ ሕግ አለው። «የልደት ካርድ ሁለት መስመር ነው» ይላል። «እንኳን ተወለድሽ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። አለቀ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሰው ማሰብ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ካርዱን ይዞ የሚመጣው ለክስ ነው።»

እናቴ ሦስተኛ መስመር ፈለገች።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ባለው ክፍል ውስጥ ትሰፋለች፤ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ የሚወጣና የሚወርድ ሁሉ በፊቷ ያልፋል። ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ፣ እዚያው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። ጡረታ የወጣች ነርስ ስለሆነች ጎረቤቱ በሙሉ «ሲስተር» ይላታል። ሕንፃው ውስጥ ሲስተር ብሎ ይሁን እህቴ ብሎ በምንም የማይጠራት ሰው እናቴ ብቻ ናት።

የተጣሉት በሙሽራ ቀሚስ ነው። የአክስቴ ልጅ ስታገባ ቀሚሷን እናቴ ሰፋችው። በሠርጉ ዋዜማ ስትለብሰው ጀርባው አልገጥም አለ። እናቴ «ከለካኋት በኋላ ወፍራለች» ትላለች። አክስቴ ደግሞ «ልኬቱን በዓይኗ ነው የወሰደችው» ትላለች። ሙሽራዋ በኪራይ ቀሚስ አገባች፤ ለእሷ ምንም አልመሰላትም፤ እንዲያውም የኪራዩ ይሻለኛል ብላኛለች። አክስቴ ግን ያን ዕለት ሚዜዎቹ፣ አማቾቹ፣ ሁሉም ባለበት «እኔ የፈለግኩት ልብስ ሰፊ ነበር፤ አንቺ እህት ሆነሽ መጣሽ» አለቻት። እናቴ መቀሷንና ክሯን ሰብስባ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ሲገጣጠሙ አንዷ ግድግዳውን ታያለች፣ አንዷ ቦርሳዋ ውስጥ የሌለ ነገር ትፈልጋለች። ሙሽራዋ ወልዳ ልጇ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ እነሱ እዚያው ናቸው።

አሁን ደግሞ ልጅቷ ወደምትኖርበት ሩቅ ከተማ እናቷን ልትወስዳት ነው። ልደቷ ማክሰኞ፣ ጉዞው ቅዳሜ። ቤቱ ተከራይ አግኝቷል። ካርቶኖቹ በእናቴ በር እያለፉ መውረድ ጀምረዋል። ካርቶን ሲያልፍ እናቴ ማሽኗን ታቆማለች፤ ካለፈ በኋላ ትቀጥላለች። እናቴ ስልክ አትወድም፤ አክስቴ ደግሞ ቀድማ ከመደወል ጣቷ ቢቆረጥ ይሻላታል። ቅዳሜ እንዲህ ተዘጋግተው ከተለያዩ ነገሩ እዚያው ላይ አበቃ ማለት ነው። ይሄን ሳንነጋገር እናቴም እኔም እናውቀዋለን።

ሰኞ ከሥራ ስገባ እናቴ የሰው ሱሪ እያሳጠረች ነበር።

«ካርድ ጻፊልኝ» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ለማን?»

«ለማን ይሆናል።»

«እማ፣ ሦስት ፎቅ እኮ ነው። ውጪና እንኳን ተወለድሽ በያት።»

«ደረጃውን ካንቺ በፊት አውቀዋለሁ። ጻፊ።»

ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ነበር የምትነግረኝ። «‹እትዬ፣ እንኳን ተወለድሽ› በይ።»

«እሺ።»

«‹ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ።›»

«እሺ። በቃ።»

«አልበቃም።» ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካቻቸው። «‹ይሄን ሁሉ ዓመት ተኳርፈንም የማትረሺ እህቴ ነሽ› በያት።»

«‹ተኳርፈን› የሚለውን እናውጣው።»

«ለምን? አልተኳረፍንም?»

«የልደት ካርድ ነው እኮ።»

«ልደቷ ነው ተብሎ ውሸት ይጻፍላት?»

ከእናቴ ጋር ክርክር ጊዜ ማባከን ነው፤ እንዳለችው ጻፍኩት። እሷ ስትለው ረ ጠብቃ ነው የወጣችው፤ ከሰው ልብ የማትጠፊ፣ የማትዘነጊ ማለቷ ነው። ያቺው ረ ከላላች ደግሞ ቂም የማይለቅሽ፣ የያዝሽውን የማትተዪ ማለት ይሆናል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ይሄን የመጀመሪያ ዓመት ተምሬ ተፈትኜበታለሁ። ሰኞ ዕለት ግን ርቦኝ ነበር። ካርዱን አሽጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ማክሰኞ ከሰዓት አክስቴ ቤት ሄድኩ። እናቴ አልተጠራችም፤ ብትጠራም እንዳልተጠራች ሆና ትቀር ነበር። ሳሎኑ ግማሹ ታሽጓል። መጋረጃው ወርዷል፣ ግድግዳው ላይ ፎቶ የነበረበት ቦታ ነጭ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ወንበሮቹ ስለተሸጡ ከሆስፒታል የመጡት የድሮ ባልደረቦቿ «ተሰባሪ» ተብሎ የተጻፈባቸው ካርቶኖች ላይ ተቀምጠው ኬክ ይበላሉ።

«ሲስተር፣ እኔ የተቀመጥኩበት ሳህን ነው ወይስ ብርጭቆ?» አለች አንዷ ወፈር ያለች አዋላጅ።

«ሳህን ነበር። አሁን ምን እንደሆነ አላውቅም» አለች አክስቴ።

አክስቴ ካርድ የምታነበው ቆማ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ጮክ ብላ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ተረኛ በሽተኛ ስትጠራ ስለኖረች ሌላ ዓይነት ንባብ የላትም። ማንም ምንም ይጻፍላት ሁሉም በአንድ ድምፅ ይወጣል። የአዋላጇን አነበበች፣ የጎረቤቷን አነበበች፣ የልጇን አነበበች። ተጨበጨበ። ከዚያ የእኛን ከፈተች።

«‹እትዬ፣ እንኳን ተወለድሽ። ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ።›» እዚህ ላይ ድምጿ ትንሽ ቀነሰ፤ ማን እንደላከው ገባት። «‹ይሄን ሁሉ ዓመት ተኳርፈንም የማትረሺ እህቴ ነሽ።›»

ረ ላልታ ወጣች። ለጥ ብላ፣ ያለ ምንም ጥርጥር።

ማንም አላጨበጨበም። አዋላጇ ኬኳን እያኘከች «ይቺስ ነገረኛ ናት» አለች።

«ቂመኛዋ እኔ ሆንኩ ማለት ነው» አለች አክስቴ ካርዱን እያየች። «በልደቴ ቀን። ጎሽ።»

«አክስቴ፣ እንደዚያ አይደለም» አልኩ። «ረ ይጠብቃል።»

«ማንን ነው የሚጠብቀው?»

አዋላጇ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ሥሯ ያለው ካርቶን ተንኮሻኮሸ።

«ጠብቆ ይነበባል ማለቴ ነው። የማት-ረሺ። ከልብ የማትጠፊ ማለት ነው፤ ሙገሳ ነው።»

«እንደዚያ ከሆነ ለምን እንደዚያ አልጻፈችውም?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ የጻፍኩትም እንደዚያ ነው።»

«ይሄ ነው?» ካርዱን ወደ ፊቴ አስጠጋችው።

«በጽሑፍ አይለይም።»

«በጽሑፍ የማይለይ ከሆነ አንቺ በምን ለየሽው?»

«ስትለው ሰምቻታለሁ።»

«እኔ አልሰማኋትም» አለች አክስቴ። «ለኔ የደረሰኝ ወረቀት ነው።» ካርዱን ፖስታው ውስጥ መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ውሰጂላት። እኔ የማልረሳ ከሆንኩ እሷ ትርሳው በያት። ኬክ ብዪ፤ አንቺን አልተጣላሁም።»

ኬኩን በላሁ። ጥሩ ኬክ ነበር።

ስወርድ እናቴ ማሽኗን አቁማ እየጠበቀችኝ ነበር። ፖስታውን ስታይ ፊቷ ወዲያው ተለወጠ።

«ምን አለች?»

ያለውን ሁሉ ነገርኳት፤ አሳምሬ መናገር አልችልበትም። ስለ ረም አስረዳኋት።

«ሲጠብቅ፣ ሲላላ» አለች እናቴ። «እኔ ሲጠብቅና ሲላላ የማውቀው ክር ነው። ክር ደግሞ ሲላላ ያስታውቃል።»

«ፊደል አያስታውቅም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ተማርሽ?»

ከሱቁ አዲስ ካርድ አምጥቼ ሌላ ልጻፍልሽ አልኳት። ሐሙስ ዕለት ቁጭ ብለን ሞከርን። መጀመሪያ «የማልረሳሽ እህቴ» አልኳት፤ ይሄ በምንም መንገድ ተዛብቶ አይነበብም።

«እሱ ዛቻ ነው የሚመስለው» አለች። «‹አልረሳሽም፣ ቆይ› እንደሚባለው።»

«‹ሁልጊዜ ከልቤ የማትጠፊ›ስ?»

«ያ የራዲዮ ነው።»

«‹የምወድሽ እህቴ›።»

«እሱን ለማንም ይጽፉታል። አንቺ ራስሽ ለታክሲ ነጂ ጽፈሻል።»

እውነቷን ነው፤ ጽፌያለሁ። «እማ፣ ታዲያ ምን ይባል? ከነገ ወዲያ እኮ ትሄዳለች።»

«ያልኩትን ነዋ። የማልረሳሽ ካልኩ ስለ ራሴ ነው ያወራሁት፣ እኔ ደግ ነኝ ማለት ነው። የማትረሺ ካልኩ ግን ስለ እሷ ነው። ልደቱ የእሷ ነው።»

ይሄ ልዩነት አስቀድሞ ለኔ አልታየኝም ነበር። ቢሆንም ወረቀት ላይ ሲወርድ ያው ነው። ብስጭት ስላለኝ እስክሪብቶውን ጣል አድርጌ «እንግዲህ ሄደሽ ራስሽ አንብቢላት፣ እኔ ሰልችቶኛል» አልኳት። እሷም ወደ ማሽኗ ዞረች።

አርብ ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ የመጨረሻዎቹ ካርቶኖች እየወረዱ ነበር። እናቴ በሯ ላይ ቆማለች። አንገቷ ላይ ሜትሯ ተንጠልጥሏል፤ እጇ ላይ ያ የመጀመሪያው ካርድ አለ፤ ጠርዙ ላይ የአዋላጇ ይሁን የማን የኬክ ቅባት አለበት።

«ነይ» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ምስክር ትሆኛለሽ። ብላለች፣ አላለችም የሚባል ነገር እንዳይመጣ።»

ወጣን። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆማ ተነፈሰች፤ ደክሟት እንዳልሆነ ያወቅኩት ከማናቸውም ጎረቤት በር ራቅ ብላ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ነው። ትለማመድ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ስንደርስ በሩ ለካርቶኖቹ ሲባል ወለል ብሎ ተከፍቷል። አክስቴ ባዶ ሳሎን መሐል አንድ የቀረ ወንበር ላይ ተቀምጣ ገመድ ትጠቀልላለች። ቀና አለች። እናቴን ስታይ ገመዱን አላስቀመጠችም፤ ግን መጠቅለሉን አቆመች።

ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። እናቴ የበሩን ደፍ ሳትሻገር ካርዱን ከዓይኗ አርቃ ያዘችው፤ መነጽሯን ማሽኑ ላይ ትታው መጥታለች። ከመጀመሪያው ጀመረች።

«‹እትዬ፣ እንኳን ተወለድሽ።›»

«ልደቴ አለፈ እኮ» አለች አክስቴ።

«ዝም በዪ፣ እያነበብኩ ነው። ‹ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ። ይሄን ሁሉ ዓመት ተኳርፈንም…›» እዚህ ላይ አየር ወሰደች፤ ከዚያ ያቺን ረ በሙሉ ኃይሏ ረገጠቻት። ቤቱ ባዶ ስለሆነ ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። «‹…የማትርርርረሺ እህቴ ነሽ።›»

ደረጃው ላይ ካርቶን የተሸከመው ሰውዬ ቆም አለ።

«ሞተር ሳይክል አስመሰልሽው» አለች አክስቴ።

«እንድትሰሚው ነው።»

«ሰማሁ። ጎረቤትም ሰምቷል።» ገመዱን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። «እስቲ ድገሚው። ያለ ሞተሩ።»

እናቴ ደገመችው። በዚህኛው ጊዜ ካርዱን አላየችም፤ እንደ ሰው ተናገረችው። ረ በልኩ ጠበቀች።

አክስቴ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ መጥረግ ጀመረች። የሚጠረግ ነገር አልነበረውም። «ያናደደኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ሳነበው ልክ መሰለኝ። አልረሳሁም እኮ።»

«እኔም አልረሳሁም» አለች እናቴ።

«አውቃለሁ። ደረጃው ላይ ስታልፊ ግድግዳውን የምታዪው እሱን ለመርሳት አይደለም።»

ከዚህ በኋላ ይተቃቀፋሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እኔ እንደዚህ ባለ ነገር ላይ የት እንደምመለከት አላውቅም። አልተቃቀፉም። እናቴ ደፉን ተሻግራ ገባች፣ የአክስቴን ትከሻ አተኩራ አየችው።

«ይሄን ማን ሰፋልሽ?»

«ገዝቼው ነው።»

«ነገ ይሄን ለብሰሽ ነው የምትሄጂው? ትከሻው ወርዷል፣ ወገቡ ላልቷል።»

«ቀጥኜ ነው።»

«ሰው ይቀጥናል፣ ሰው ይወፍራል» አለች እናቴ። «ልጅሽም ወፍራ ነበር።»

«አልወፈረችም። በዓይንሽ ለካሻት።»

«በሜትር ነው የለካኋት። በዚሁ ሜትር።» ከአንገቷ ስባ አወረደችው።

«ሚጡ፣ አትዋሺ።»

እናቴ ቆመች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ልብስ ሰፊ ናት፤ ሚጡ የሚላት ሰው ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የቀረው። ሜትሩን እጇ ላይ ጠቅልላ መልሳ ፈታችው።

«እጅሽን ዘርጊ» አለች።

«ነገ ጠዋት እኮ ነው የምሄደው።»

«ይደርሳል።»

«ያኔም ‹ይደርሳል› ነበር ያልሽው።»

«እትዬ፣ እጅሽን ዘርጊ።»

አክስቴ እጇን ዘረጋች። እናቴ ከትከሻዋ ወደ ክርኗ ሜትሩን አወረደች፤ ቁጥሩን ለማንበብ መነጽር ስላልነበራት አክስቴ በሌላኛው እጇ የራሷን መነጽር አቀበለቻት። «ይኸው፣ በዓይኗ ነው የምትለካው ስላችሁ» አለች ወደ እኔ ዞራ፤ ያን ጊዜ ነው እዚያ መቆሜን ያየችው።

«አንቺ ደግሞ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ምስክር ነኝ» አልኩ።

«ምስክርነትሽ አልቋል» አለች እናቴ ከጀርባዋ ሆና። «ውረጂና ስፒል አምጪ። ነጩን ክርም። በሩን ዝጊው፤ ሕንፃው ሙሉ ይሰማናል።»

«ሚዜዋ እንኳ ወፍራለች ብላ ነበር» ስትል ሰማኋት፤ አክስቴ ደግሞ «ሚዜዋን ለምን ታስገቢያታለሽ» አለች። ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።